ለሦስት ሰው የታሰበው ምሳ

ያ ምሳ ጠቅላላ ያስወጣኝ ሠላሳ ስምንት ብር ከሰባ አምስት ሳንቲም እና አንዲት በቅሎ ነው። እንጨቱን አልቆጠርኩም፤ እንጨት ያኔ ከጓሮ ነበር። በርበሬውንም አልቆጠርኩም፤ ከቤት ነው። በቅሎዋን ግን እቆጥራለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ነበረችኝ፣ ሲሄዱ አልነበረችኝም።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን ወፍጮ ቤት ደጃፍ ያገኘሁት ሰውዬ ነው። ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ውስጥ የአንዲት ሴት ሽሮ እየተፈጨ ነው፤ የተቆላ ሽምብራ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሞቆ በበሩ ይወጣል። ሴትየዋ ለአንድ ኪሎ ስንት እንዳወጣች ለጓደኛዋ ስትነግራት ሰምቼ ክው ብያለሁ፤ በዚያ ምሳ ወጪ ዛሬ የሽሮው ማጣፈጫ እንኳን አይገዛም። ይህን እያሰላሁ ሳለ አንድ ሽበታም ዘንጉን ተደግፎ ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆየና፣ «አንተ፣ የዚያ የሳማ ወጥ ቤት ጌታ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንደነበር ነገረኝና ሳመኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፤ «እኔ እኮ የዚያን ዕለት ሁለት ዶሮ ልሸጥ ነበር የወረድኩት። መንገድ ላይ ከሰዎቹ ጋር ተቀላቀልኩ። ግቡ ሲባል ገባሁ፣ ተቀመጡ ሲባል ተቀመጥኩ። ለምን እንደመጣን ያወቅኩት ከበላሁ በኋላ ነው።»

«ዶሮዎቹስ?»

«ደጅህ አጥር ላይ ታስረው ነበር።»

ከመንገድ ቢቀላቀልም ነገሩን አውቆ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው እያልኩ ይህን ሁሉ ዓመት ሳከብረው የኖርኩት ሰው የዶሮ ሻጭ ነው። ያውም በሁዳዴ። ማንም ዶሮ በማይበላበት ወር ሁለት ዶሮ አንጠልጥሎ ተራራ የሚወርድ ሰው ስለ እኅቴ ዕጣ ሊመክር ቤቴ ተቀምጧል። እዚያው ወረፋው ላይ ቆሜ የድሮው ድንጋጤ እንደ አዲስ መጣብኝ።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ አቧራው ገና ያልረጋበት ነበር። ስለ መንግሥት እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ የማስታውሰው ዋጋ ነው። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ትጠጣለህ፤ ዳቦ ከጨመርክ አምሳ። ሸዳ ጫማ ስድስት ብር ነበር፤ ሲበጠስ በጋለ ቢላ እየተለበለበ ይጣበቃል፤ ጠረኑ ከአፍንጫ አይወጣም። ፖሊስተር ሱሪ ያለው ሰው ሲቀመጥ ጉልበቱ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ ከፍ ያደርገዋል፣ እንዳያጎብጥ። እኔም አንድ ነበረችኝ፤ ቡና ዓይነት፣ ከታች ሰፋ ያለች። እዚሁ ሰቆጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ግርጌ፣ ጨው ከሚራገፍበት ግራር ፊት ለፊት፣ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ ይሄድና ሴቷ እንደ ወንድ ትዘፍናለች፤ እኛም እንደዚያው እናዳምጣለን፣ ለአዲስ ባትሪ የሚያዋጣ የለም። ዛሬ እዚያ ግራር ሥር ባጃጆች ተሰልፈው ሲጮሁ ሳይ፣ ያኔ የሚጮኸው የአህያ መንጋ እንደነበር ለልጆቹ ብነግራቸው አያምኑኝም። የወልድያ አውቶቡስ መምጣቱ የሚታወቀው ሲመጣ ብቻ ነበር። እኔ ከቆላ አሞሌ ጨው ጭኜ ወደ ደጋ እወጣለሁ፤ ከደጋ ማርና ቆዳ ጭኜ እወርዳለሁ። ሁሉንም የምትሸከመው አንዲት ዳማ በቅሎ ናት። እሷ ከሌለች ነጋዴነቴ ወሬ ነው።

ቤት ውስጥ እኔና እኅቴ ወለላ ነን። እናትና አባታችን በክፉው ዘመን አልፈዋል። እሷን እኔ ነኝ ያሳደግኋት እያልኩ ሰፈር ውስጥ አወራ ነበር፤ እንጀራ የምታቀርብልኝ ግን እሷ ነበረች። ወለላ የምትናገረው ጥቂት፣ የምታየው ብዙ ነው። ካሥር ብር ላይ ሁለት ብር የምታስተርፍ ልጅ ናት፤ የቀረውን ስምንት ብር ምን እንዳደረገችበት ደግሞ ወጡን ቀምሰህ አታውቀውም፣ ያሥራ አምስት ብር ይመስልሃል።

ከደሃና፣ ከደጋው ከአምደወርቅ በኩል ጠያቂ መጣላት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቆመው ጠይቀው፣ ውኃ እንኳን ሳይቀምሱ ተመለሱ፤ ወጉ ነው። ልጁን አጣራሁ፤ መልካም ነው፣ መሬትም አለው። እሺ አልኩ። የቀረው ማጫ ነው። ማጫ የምንለው ሁለቱ ቤተሰብ እኩል እኩል የሚያወጡት ከብት ነው፤ የእሱ ወገን አንድ በሬ ካለ የእሷም ወገን አንድ በሬ ይላል። ከብቱ የሁለቱ ይሆናል፤ ትዳሩ ቢፈርስ ሁለቱም እኩል ይካፈላሉ። እኔ ደግሞ በሬ የለኝም። ያለኝ በቅሎ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ሽማግሌዎቹ ቤቴን አይተው በሚገምቱት ላይ ቆመ። ባለጸጋ ከመሰልኳቸው ጥማድ በሬ ይሉኛል። ችግረኛ ከመሰልኳቸው ልጅቱን ይተዋሉ። የሚቀርበው ምሳ «አለን፣ ግን ብዙም የለን» ማለት ነበረበት። በሽሮ ይህን መናገር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ቀጠሮውን ሁዳዴ ላይ አደረግሁት። በፍስክ ቢሆን በግ ማረድ ግዴታ ነው፤ በሁዳዴ የሚታረደው ሽንኩርት ነው። ቀኑንም የገበያ ዋዜማ መረጥኩ፤ ለገበያ ያመጣሁትን ጨው በዋዜማው ቀድመው ለሚገቡ ነጋዴዎች ሸጬ በዚያው የጎደለ ነገር እንድገዛ። ሦስት ሽማግሌ ይመጣል ተባለ፣ ለሦስት ገዛሁ። ጥቂት ነጭ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ሽንኩርት፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት፣ ለጠላው ገብስና ጌሾ፣ አንድ ጠርሙስ አረቄ። ሠላሳ ስምንት ብር ከሰባ አምስት። ወለላ ዕቃውን አንድ በአንድ አየችና፣ «ሦስት መሆናቸውን ማን ነገረህ?» አለችኝ። «ሽማግሌ ሦስት ነው» አልኳት። ከጓሮ ሳማ ስታጭድ አየኋት፤ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ። ለላሟ መሰለኝ። ላም ግን አልነበረንም።

የገበያ ዋዜማ ከደሃና የሚወርድ ሰው ሁሉ አብሮ እንደሚጓዝ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል፣ ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት፣ ወለላ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ መንገዱ አየችና፣ «አያ፣ አሥራ አንድ ናቸው» አለችኝ።

«ሦስት ነው የተባለው።»

«እንግዲያስ ስምንቱን መልስ።»

ወጥቼ አየሁ። ከፊት አባ ካሳ አሉ፤ የሽማግሌዎቹ መሪ፣ ነጭ ጺማቸው ጋቢያቸው ላይ የወረደ፣ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ሳይሆን የሰው ልብ ላይ የሚተክሉ የሚመስሉ ሰው። ከኋላቸው ሁለቱ የማውቃቸው ሽማግሌዎች። ከእነሱ ኋላ ግን አንዱ የማር ቀፎ ተሸክሟል፣ አንዱ ፍየል ይጎትታል፣ አንዱ ዶሮ ይዟል። ሰላምታው ሲያልቅ አባ ካሳ፣ «መንገድ ያገናኘን ሰዎች ናቸው፤ ከደጅ አንመልሳቸው ብዬ ነው» አሉኝ። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ አባቴ» አልኩ። አፌ ነው ያለው። ባዶ ሆዳቸውን መንገድ የዋሉ አሥራ አንድ ሰዎች፣ ለሦስት ሰው የተጋገረ ጤፍ።

ማድ ቤት ሮጥኩ። «ሽሮው አይበቃም» አልኳት።

«ማን ሽሮ ብቻ ነው አለህ? ሂድና አስቀምጣቸው። ጠላውን ጥቂት ጥቂት ስጥ፤ ቆሎውን ግን አትሰስት።»

«ለምን?»

«ቆሎ ከጠላ ጋር ሆድ ውስጥ ያብጣል።»

ያን ቀን ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሽንኩርቱን ሁሉ አልጨረሰችም፤ ግማሹን ያለ ዘይት በድስት እያቁላላች ምድጃውን ወደ በሩ አስጠጋችው፤ ነፋሱ ሽታውን ወደ እንግዶቹ ይወስዳል። ከውስጥ እንግዶቹ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ይሰማኛል። ያጨደችውን ሳማ ቀቅላ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሽምብራ ዱቄት ጋር አሽታ ወጥ አደረገችው። ለቀናት ጥግ ያስቀመጠችውን የባቄላና የሰናፍጭ ስልጆ ከገንቦው አወጣች፤ በሰናፍጩ ምክንያት አንዱ ማንኪያ አንድ ሙሉ እንጀራ ይጎትታል፤ አፍንጫ የሚያቃጥል ነገር ሰው ቶሎ ቶሎ አይጎርስም። የከረመ ድርቆሽ ሰባብራ የሱፍ ውኃ አፈሰሰችበት፤ ያ ደረቅ ነገር ጠጥቶ ጠጥቶ እጥፍ ሆነ፤ ቀዝቃዛ፣ ነጭ፣ ለጾመኛ እንደ ወተት የሚሆን። ሽሮውን አቅጥና ጀመረች፣ አንተክትካ አወፈረችው፣ መጨረሻ ላይ የደረቀ ጦስኝ በእጇ ፈርክሳ በተነችበት። እንጀራውን ደግሞ ከሥር ማሽላውን ደርድራ፣ ከላይ ያቺን ጥቂት ነጭ ጤፍ አነጠፈች። ትሪውን ያየ ሰው ነጭ ጤፍ ብቻ ነው የሚያየው። ከላይ የቀረበለትን ሲጨርስ ደግሞ ከሥር ያለው ወጥ ጠጥቶ ጣፋጭ ሆኗል፤ ማሽላ መሆኑን የሚጠይቅ የለም። እኔ በሚዛን ስንት ሰው አታልያለሁ ብዬ እኮራ ነበር። አፌን ይዤ ቆምኩ።

በሉ። እንዴት እንደበሉ ልንገራችሁ፤ ማንም አላወራም። የዶሮው ሰውዬ ብቻ አንድ ጊዜ ስልጆው አፍንጫው ገብቶ እንባው ወረደ፤ ጎረቤቱ በአገውኛ አንድ ነገር ብሎት ሁሉም ሳቁ። አባ ካሳ ሽሮውን ቀምሰው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ይህ የእኛ ተራራ ጦስኝ ነው» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ትሪው ላይ ቁራሽ አልቀረም፤ ማንም ግን አልጠገብኩም አላለም። የጠገበ ሰው በማጫ ጠንክሮ አይከራከርም ብዬ ነበር።

እጅ ታጥበው፣ ምርቃቱ አልቆ፣ አባ ካሳ ወደ ማጫው ገቡ።

«ልጄ፣ ስንመጣ አንድ በሬ ልንል ነበር። ቤትህን ከደጅ ስናየው አንድ በሬም ይከብደዋል ተባብለናል። አሁን ግን በልተናል። በሁዳዴ እንዲህ የሚያበላ ቤት በፋሲካ ምን ሊያበላ ነው? ጥማድ በሬ እንላለን፣ ከእኛም ጥማድ።»

ሁለት በሬ። በቅሎዋን ሸጬ፣ ጨውን ሸጬ፣ ሱሪዬን ብጨምርም ሁለት በሬ አይሞላም። ያ ሁሉ ስሌት፣ ያ ሁሉ ሁዳዴ፣ በጦስኝ ተበላሸ። ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሰው አድርጎት አያውቅም፤ ያበላሁትን ማጣጣል ጀመርኩ።

«አባቴ፣ የበሉት እኮ ሳማ ነው።»

አሥራ አንድ ሰው እጁን አየ።

«ነጩ ወተት የመሰለዎት ሱፍ ነው፤ ውስጡ ያለው የከረመ ድርቆሽ ነው። ከሥር ያለው ማሽላ ነው። ዘይት ያለው ሽሮው ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ጠብታ።» ዋጋውን ሁሉ ዘረዘርኩ፣ እስከ ጌሾው። ፊቴ እየነደደ። አባ ካሳ አዳመጡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ነጋዴ ነህ፣ ልጄ። ነጋዴ ሲለምንም ሲሸጥም አንድ ነው። ሳማ እንዲህ አይጣፍጥም። ልጅቱ ትጠራና ትንገረን።»

ሴት ልጅ ስለ እሷ በሚመከርበት አትቀርብም። ግን ተጠራች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ቆመች። አባ ካሳ ጠየቋት። አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ቆሎውን በመጀመሪያ ለምን እንዳስቀረበች እንኳን አልደበቀችም። አንዱ ሽማግሌ ሆዱን ዳሰሰ። እኔ በቃ፣ ተዋረድን፣ ተነሥተው ሊሄዱ ነው ብዬ ወለሉን አያለሁ።

አባ ካሳ ግን ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር በአገውኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ፣ «ተወው» አሉኝ። «በሬ አንጠይቅም። ጥማድም አንድም አንልም። ይህን በዚህ የምታደርግ ልጅ ራሷ ሀብት ናት። ባዶ እጇን ትምጣልን።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በቅሎዬ ተረፈች። ምንም ሳላወጣ እኅቴን ዳርኩ። የአባ ካሳን ጉልበት ልስም ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ወለላ ግን አልወጣችም።

«አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልናገር?»

አባ ካሳ እሺም እምቢም ሳይሉ ቀሩ። እሷ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ወሰደችው።

«ባዶ እጄን ብመጣ፣ ነገሩ ያልሆነ ቀን የምመለሰውም ባዶ እጄን ነው። ልጃችሁ በሬ ያስገባ፣ የእኔም በሬ ይግባ። ወንድሜ በሬ የለውም። በቅሎ ግን አለችው።»

ጎረቤት አይቶኝ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ሞተ ብሎ ለቅሶ ይመጣ ነበር። የራሴ እኅት፣ ያሸነፍኩትን ገበያ፣ በሻጩም በገዢውም ፊት፣ በእኔ ላይ ዋጋ ጨመረችብኝ። በንግድ ዘመኔ ስንት ተንኮለኛ ገጥሞኛል፤ ከቤቴ ማድ ቤት ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

«ገና ሳትመጪ መሄጃሽን ታስቢያለሽ?» አሏት አባ ካሳ። ድምፃቸው ሻከር ብሏል።

«እርስዎም እኮ አባቴ፣ ወደ ሰቆጣ ሲወርዱ የመመለሻ ስንቅ ይዘው ነው የመጡት። መጥፎ መንገደኛ ነዎት የሚልዎት የለም።»

አባ ካሳ ዘንጋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ጺማቸው ተንቀሳቀሰ፤ እየሳቁ ነው። ያ የዶሮ ሻጭም ሳቀ፤ ምን እንዳሳቀው ግን እግዜር ይወቅ። «ይሁን» አሉ አባ ካሳ። «ከእኛ አንድ በሬና አንዲት ጊደር። ከእናንተም አንድ በሬና አንዲት ጊደር። እማኙ ይህ ሁሉ ሰው ነው።» የበቅሎ ዋጋ ያኔ በትክክል ያ ነበር። ሽማግሌው ከደጅ ሲገቡ አይተዋት ገምተዋታል ማለት ነው። ይህም ሌላ ድንጋጤ ነው።

ሲሄዱ ማድ ቤት ገባሁ። ድስቱን ጠርጋ የተረፈችውን እየበላች ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር።

«ምን በደልኩሽ ወለላ?»

«ለሦስት ገዛህ። አሥራ አንድ አበላሁልህ።»

«እኔ እኮ ባዶ እጇን ትሂድ አላልኩም። እነሱ ናቸው።»

«ጉልበታቸውን ልትስም ስትነሣ አይቼሃለሁ፣ አያ» አለችና ድስቱን ወደ እኔ ገፋችው። «ቅመስ። አልቀመስክም አይደል?»

ቀመስኩ። ሳማ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጥማድ በሬ የሚያስጠይቅ ወጥ ነው።

በቅሎዋን በሚቀጥለው ገበያ ሸጥኩ። ከዚያ በኋላ ጨውን በሰው አህያ ማስጫን ጀመርኩ፤ ትርፉን የአህያው ባለቤት ይበላዋል። ለሁለት ዓመት ያህል ወለላን ባሰብኩ ቁጥር በቅሎዋ ትታየኝ ነበር። ሰርጉ አለፈ፣ ከብቱ ገባ፣ እሷም ወደ ደጋው ወጣች። ማር ልገዛ ስወጣ እሷ ቤት አድራለሁ፤ በሬዋ፣ ላሞቿ፣ ጥጆቿ እያለች ታሳየኛለች። «የእኔ በቅሎ» እላለሁ በሆዴ።

ዓመታት አለፉ። አውቶቡሱ የታወቀ ሰዓት ኖረው፣ ስልክ መጣ፣ የደሃና ጎልማሶች ሥራ ፍለጋ እየተነሡ መሄድ ጀመሩ። ባሏም ሄደ። መጀመሪያ ገንዘብ ላከ፣ ከዚያ ወሬ ላከ፣ ከዚያ ሌላ ሚስት ማግባቱን ከእሱ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው መጥቶ ነገራት። ይህን ስሰማ እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ የደነገጥኩት፤ ልጁን ያጣራሁት እኔ ነበርኩ። ወደ ደጋው ወጣሁ። እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር። ከብት እያስቆጠረች ነው ያገኘኋት። ዘመዶቹ «ባሏ የለም፣ ከብቱ የእኛ ነው» ሲሉ አባ ካሳ ተጠሩ። ዓይናቸው ደክሞ በሰው እጅ ነው የሚሄዱት። ተቀምጠው፣ «በሬና ጊደር ስታስገባ እኔ ነበርኩ። እኩል ነው የገባው፣ እኩል ይወጣል» አሉ። አንድም ሰው አልተከራከራቸውም። ያቺ ጊደር ወልዳ ወልዳ፣ ልጆቿም ወልደው፣ የወለላ ድርሻ ብቻውን በረት ይሞላል።

ሸጠችው። ሰቆጣ ወረደችና መናኸሪያው አጠገብ፣ ቦታው ገና ርካሽ በነበረበት ጊዜ፣ ባለ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ገዛች። ለሹፌርና ለረዳት የጾም ምሳ መሸጥ ጀመረች፤ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ ሽሮ፣ የሳማ ወጥ። በፍስክ እንኳን የጾም የሚጠይቃት ደንበኛ አለ። መኪናው ሲበዛ የእኔ የአህያ ንግድ ቆመ፤ ጨው በከረጢት፣ በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል አሁን፣ አሞሌ የሚያውቅ ልጅ የለም። ሳሙናና ባትሪ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ።

ሱቋ ያለችው በወለላ ቤት፣ መንገዱን በሚያየው ክፍል ነው። ኪራዩን በየወሩ እከፍላለሁ። እስካሁን አልቀነሰችልኝም።